ምርቃት ያልቻሉት ባሕር ዛፎች

አምበር ገበያ የሚወጣ ሰው አያ እንዳላማውን ካላወቃቸው ለአገሩ ገና እንግዳ ነው። በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች በአካባቢው አሉ፤ በከብትና በመሬት የሚበልጧቸውም ብዙ ናቸው። በምርቃት ግን የሚደርስባቸው የለም። አዲስ ቤት ሲገባ፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ ተማሪ ለፈተና ሲሄድ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ምርቃታቸው ረዥም ነው፤ ከአዳም ባይጀምርም ከአዳም ብዙ አይርቅም። ማሳረጊያው ሁልጊዜ እትፍ እትፍ ነው፤ እሱም ለወጉ ያህል የሚባል አይደለም፤ የተመረቀው ሰው ፊቱን መጥረግ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው።

የማይመርቁት ነገር የለም። የጎረቤታቸው የአንሙት ልጅ ከደብረ ማርቆስ አዲስ ስልክ ገዝቶ የመጣ ጊዜ «የምትሰማበት ሁሉ ደግ ወሬ ይሁን» ብለው መስታወቱ ላይ እትፍ ብለውበታል። ልጁ በሸሚዙ ጠረገና «አሜን» አለ። ምን ይበል?

«እኔን ሲመርቀኝ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ወገቤ ግን ያው ነው» ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሁለቱም ናቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እያረመ፣ ሌላው ሲያርም አንዱ እየተቆጣ። የቤተ ሙከራውን ነገር ደግሞ ሕሊና ሞልታልኛለች። ሕሊናን አሁን አመጣታለሁ፤ አስቀድሞ ግን ዛፉ።

ዛፉ ከቤታቸው በታች መንገድ ዳር የቆመ ነጭ ባሕር ዛፍ ነበር። የተተከለው ባልና ሚስቱ በተጋቡበት ዓመት ነው። ከሥሩ ጀምሮ ቅርንጫፍ እስከሚያወጣበት ድረስ አንዲት መዝመም አልነበረበትም። ግንበኞች ቱንቢ ረስተው ሲመጡ ግድግዳውን በአያ እንዳላማው ዛፍ ያስተያዩ ነበር ይባላል፤ ይህቺን እንኳ ትንሽ ጨምረውባት ይሆናል ብዬ አልፌያታለሁ። አያ እንዳላማው ከዚህ ዛፍ ዘር እየለቀሙ ችግኝ ያላፈሉበት ክረምት የለም። የፈላው ሁሉ ግን ሲያድግ አንዱ ይጎብጣል፣ ሌላው ከወገቡ ለሁለት ይከፈላል። የባሕር ዛፍ አበባ በንብ አማካይነት ከየጎረቤቱ ዛፍ ስለሚዳቀል ልጁ አባቱን ላይመስል ይችላል። እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ሳይንስ ባይማሩም የራሳቸው ማብራሪያ ነበራቸው፤ «ተካያቸውን መስለው ነው» ይሉ ነበር።

ካቻምና የገጠሩ መንገድ ይሰፋል ተባለና ዛፉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባበት። የሚነቀለው በዶዘር ነው፤ ጉቶው እንኳ እንዳያቆጠቁጥ ከነሥሩ ወጥቶ ለመንገዱ ጉድጓድ መሙያ ይሆናል። አያ እንዳላማው እህል ውኃ አልቀምስ ያሉት ያን ሰሞን ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን «ማታ ማታ ይቀምስ ነበር» ይላሉ።

ሕሊና የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባሕር ዛፍን በቲሹ ካልቸር የሚያባዛ አንድ ቤተ ሙከራ አለ፤ እሷ እዚያ ባለሙያ ናት። ቀጥ ያለ ዛፍ ፍለጋ በየወረዳው ስትዞር የዚህን ዛፍ ዝና ሰምታ፣ መሰላል የሚወጣ ሰው አስከትላ ደረሰች።

«ዘሩን አይደለም የምንወስደው፣ አያ» አለቻቸው። «ከራሱ ከዛፉ ለጋውን ጫፍ ቆርጠን ጠርሙስ ውስጥ እናሳድገዋለን። ከዚያ የሚወጣው የዛፉ ልጅ አይደለም፤ ዛፉ ራሱ ነው።»

«ራሱ?»

«ራሱ።»

አያ እንዳላማው ጥቂት አሰቡና «ለሰውስ ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

«አንዱን ችዬ መኖሬ ይበቃኛል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ከወደ ጓዳ።

ጫፎቹ ተቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ዶዘሩ መጣ። አያ እንዳላማው ዛፉ ሲወድቅ አላዩም፤ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው ነበር። ድምፁን ግን ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ወዲያ ከዛፉ በዓለም ላይ የቀረው በሕሊና እጅ ያለው ብቻ ሆነ።

ያረጀ ዛፍ ደግሞ ጠርሙስ መግባት አይወድም። ሜዳ ላይ የኖረ ስለሆነ በየቅጠሉ እጥፋት ሻጋታ ተሸክሞ ይመጣል። በበረኪና ሲያጥቡት፣ በረኪናው ከበዛ ይሞታል፤ ካነሰ ሻጋታው ይተርፋል። የተረፈው ደግሞ ቁስሉ እየጠቆረ ራሱን ይመርዛል። ሕሊና ከመጡት ጫፎች አብዛኛውን እንዲህ ስትጥል ከርማ፣ በመጨረሻ አሥር የማይሞሉ ጠርሙሶች ጸዱላት። በየጠርሙሱ ሥር እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ አለ፤ ስኳርም ጨውም ያለበት። በላዩ ላይ ጣት የማያህል ለምለም ቡቃያ ቆሟል። ቡቃያው ሲበዛ እየተቆረጠ ወደ ሌላ ጠርሙስ ይዛወራል፤ ከዚያ ሥር ያወጣል፤ ከዚያ ወደ አፈር። ችግሩ ምግቡን ሻጋታም ይወደዋል። አንዲት ብናኝ ከገባች ቡቃያውን ቀድማ ትበላለች። ስለዚህ ሥራው የሚሠራበት ክፍል ውስጥ አፍ ተሸፍኖ ነው የሚገባው፤ ማውራትም ክልክል ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ሲሰሙ «እዚያማ እኔን ሊቀጥሩኝ አይችሉም» ብለዋል።

አያ እንዳላማው «ልየው» ብለው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሕሊና በመስታወት በኩል ልታሳያቸው ነበር ያሰበችው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ደከም ስላለ አልታይ አላቸው። አዘነችላቸውና ነጭ ካፖርት ከጋቢያቸው በላይ አልብሳ፣ ቆብ አጥልቃላቸው፣ አፋቸውን ሸፍና አስገባቻቸው። ንጹሕ አየር የሚነፍስበት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። ወረንጦዋን በአልኮል ኩራዝ ላይ አጋለችና አንዱን ጠርሙስ ከፈተች።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «ቅጠሉ የእሱ ነው» አሉ። ከዚያ አፋቸውን የሸፈነውን ጨርቅ ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

እዚህ ላይ ሕሊናን እንረዳት። ያደገችው ዲማ አካባቢ፣ በአያቷ እጅ ነው። ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ ራስን ዝቅ ማድረግ የተማረችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው። «ክዳኑን መግጠም እንዳለብኝ አውቃለሁ» አለችኝ። «አንገቴ ግን ቀድሞኝ ጎንበስ አለ።»

ምርቃቱ ወረደ። ከወንዝ ዳር እንደበቀለ ለምልሙ፣ ምሳር አይድረስባችሁ፣ ዶዘር አይያችሁ፤ እትፍ፣ እትፍ። ጠርሙሱ ድርሻውን አገኘ።

«አሜን» አለች ሕሊና።

«ሌሎቹስ?» አሉ አያ እንዳላማው። «የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም? አንዱ ተመርቆ ሌላው ሲቀር ደግ አይሆንም።»

ሕሊናም ከፈተች። አንድ በአንድ ሁሉንም ከፈተች፤ በየአንዳንዱም ላይ አሜን አለች።

በሳምንቱ ጠርሙሶቹ ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ግራጫ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሙሉቀን ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን እያነሱ አዩ።

«ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከየት መጣ?»

«ተመርቀው ነው፣ ዶክተር።»

«ምን ሆነው?»

«ተመርቀው።»

ዶክተር ሙሉቀን የዚያው አገር፣ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናቸው፤ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«አሜን አልኩ።»

ዶክተሩ ጠርሙሶቹ በእንፋሎት ተቀቅለው እንዲጣሉ፣ ለሽማግሌውም እውነቱ እንዲነገራቸው አዘዙ። ሕሊና «እርስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም?» ብላ ብትጠይቅ፣ ስብሰባ እንዳለባቸው በድንገት ትዝ አላቸው።

ሕሊና ከትእዛዙ ግማሹን ብቻ ፈጸመች። ጠርሙሶቹን ከመቀቀሏ በፊት፣ ሻጋታው ገና ያልደረሰበትን የቡቃያ አናት በምላጭ እየቆረጠች እንደገና በበረኪና አጥባ ወደ አዲስ ጠርሙስ አዛወረች። ይትረፍ አይትረፍ አታውቅም። እውነቱን መናገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነባት። ሰው ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለሚቀበለው ሽማግሌ «ምራቅዎ ገደላቸው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ስልክ ደወለች።

«አያ፣ ልጆቹን ትንሽ አሟቸዋል።»

«ምን ነካቸው?»

«እ… ብርድ ነገር።»

«ዓይን ነው» አሉ አያ እንዳላማው። «ለሁሉ አሳየሻቸው።»

«ኧረ አላሳየሁም።»

«ግድ የለሽም፤ ነገ መጥቼ እመርቃቸዋለሁ።»

በማግስቱ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘው፣ እትዬ ማንጠግቦሽን አስከትለው መጡ። ጥበቃው የሺዋስ ከሕሊና አደራ ተቀብሎ ነበርና በሩ ላይ አቆማቸው።

«ዛሬ መብራት የለም፣ አባቴ። ክፍሉ አይከፈትም።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ የሚበራውን አምፖል ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ የሺዋስን አዩ። ባላቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ሕሊናን ፍለጋ ጓሮ ዞሩ።

«ልጄ» አሏት፣ «እትፍ ብሎባቸዋል?»

ሕሊና መሬት መሬት አየች። «አዎ፣ እማማ።»

«ጠርጥሬ ነበር። አንቺ አትችይም፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

ወደ አምበር ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሯቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ነገር ማለስለስ አያውቁም፤ «ምራቅህ ነው ያሻገታቸው» ብለው ቁጭ።

«እስከ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰም» አሉኝ። «በትዳር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሲመሽ ግን ፈራሁ።»

መፍራታቸው ልክ ነበር። አያ እንዳላማው መመረቅ ተዉ። በዚያው ሰሞን አንሙት አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ጎረቤቱን ጠራ። ጠላው ተቀድቶ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ዓይን ሁሉ ወደ አያ እንዳላማው ዞረ። እሳቸው «ሌላ ሰው ይመርቅ» ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ተቀመጡ።

ማንም ነገሩን አላወቀም። አንሙት ቂም ይዘውብኛል ብሎ አሰበ። በድንበር ነው? ባለፈው ዓመት ላሜ ገብሳቸውን ስለበላች ነው? ሲጨንቀው አስታራቂ ላከ። አስታራቂዎቹ መጥተው ቢለምኑ ቢለምኑ፣ አያ እንዳላማው «ምንም ቂም የለኝም» ይላሉ። ቂም የለኝም የሚል ሰው ደግሞ እንዴት ይታረቃል? ጉባኤው ምሳ በልቶ ተበተነ። አንሙት ወደ አዲሱ ቤት መግባቱን ፈርቶ ከነቤተሰቡ በአሮጌው ማደሩን ቀጠለ። ለፈተና የሚሄዱ ተማሪዎች በአያ እንዳላማው ደጅ ሲያልፉ፣ እሳቸው ወደ ጓሮ ይገባሉ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን አልቻሉም። ብቻቸውን ደብረ ማርቆስ ወርደው በሕሊናና በዶክተሩ ፊት ቆሙ።

«ዛፉን ተዉት» አሉ። «ለእኔ ዛፉ አይደለም የጨነቀኝ። ሰውዬውን መልሱልኝ።»

ዶክተር ሙሉቀን ያን ቀን ስብሰባ አልነበረባቸውም። ብዙ ካሰቡ በኋላ ሕሊናን ያን የረጋ ምግብ በጠፍጣፋ ሳህኖች እንድታፈስ አዘዟት። አንደኛው ላይ ዶክተሩ ራሳቸው ኡህ ኡህ ብለው ሳሉበት። አንደኛው ላይ ሕሊና ዝም ብላ ተነፈሰችበት። አንደኛውን የሺዋስ በጣቱ ነካው። አንደኛውን ለእትዬ ማንጠግቦሽ ሰጧቸውና «ይናገሩበት» አሏቸው።

«ምን ልናገር?»

«የፈለጉትን።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ስለ ባላቸው ተናገሩበት። ሕሊና እንደምትለው ሳህኑን መልሶ መቀበል ጊዜ ወስዷል። አንድ ሳህን ግን ማንም ሳይነካው ተከድኖ ወደ አምበር ተላከ፤ እቤት ሲደርስ እትዬ ማንጠግቦሽ ባላቸውን በልመናም በቁጣም ብለው እትፍ አስባሉበትና መልሰው ላኩት።

ሳህኖቹ ሞቅ ያለ ቦታ ከሰነበቱ በኋላ አያ እንዳላማው ተጠሩ። አልመጣም ብለው ነበር፤ እንዴት እንደመጡ እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ ያውቃሉ። ሳህኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል።

«ይህ የማን ነው?» አሉ፣ ዳር እስከ ዳር ጥቁር ጠጉር ያበቀለውን እያዩ።

«የእኔ ነው» አሉ ዶክተሩ።

አያ እንዳላማው ቀና ብለው ዶክተሩን አዩ፤ እንደገና ሳህኑን አዩ። «ታመዋል እንዴ?»

«ጤነኛ ነኝ፣ አባቴ። የሰው እስትንፋስ ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ይህስ፣ ቢጫውም ቀዩም ያለበት?»

እትዬ ማንጠግቦሽ የነጠላቸውን ጥለት ማስተካከል ያዙ።

«አወቅሁት» አሉ አያ እንዳላማው። የራሳቸውን ሲያሳዩአቸው ሦስት አራት ነጭ ነጥብ ብቻ ነበረበት። ደጋግመው አዩትና «ከዶክተሩ እኮ የእኔ ይሻላል» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሳቸው ታየ።

ሕሊና ድፍረት አገኘች። «አያ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የእኔም ትንፋሽ ያጠፋቸዋል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁዎት።»

«ምኔን?»

«ሽማግሌነትዎን።»

ሽማግሌው መልሱን ወደዱት መሰለኝ፤ ስለዚህ ነገር ሲያወሩኝ ይህቺን ሁለቴ ነግረውኛል።

ከዚያ ወደ መስታወቱ ወሰደቻቸው። እንደገና በበረኪና ካጠበቻቸው አናቶች አብዛኞቹ ነጥተው ሞተዋል። ጥቂቶቹ ግን ጸድተው፣ ጎን ጎናቸውን አዲስ ቡቃያ አውጥተው ቆመዋል። አያ እንዳላማው ከመስታወቱ ማዶ እንዳሉ እንኳ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ይኸው፣ እሱ ነው» አሉ በጋቢው ውስጥ።

ሊወጡ ሲሉ ሕሊና መንገዱን ዘጋችባቸው። ለትምህርት ልትሄድ ወረቀቷ ደርሶ ነበር፤ ለቤተሰቧ እንኳ ገና አልነገረችም። «እኔን ግን መርቀውኝ ይሂዱ» አለች። «እኔ ጠርሙስ ውስጥ አይደለሁም።»

አያ እንዳላማው ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ይፈቀዳል?»

«ወደ ግቢው ወጥታችሁ ከሆነ» አሉ ዶክተሩ።

ግቢው ውስጥ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር፣ ሕሊና ራሷን ዝቅ አደረገች። ምርቃቱ ለብዙ ጊዜ ተጠራቅሞ ስለነበር ከወትሮው ረዘም ብሏል። እትፍ እትፉም አልጎደለም። ሕሊና ፊቷን እየጠረገች ቀና ስትል፣ ከኋላዋ ዶክተር ሙሉቀን መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለዋል፤ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የሺዋስ ቆቡን በእጁ ይዞ ተራ ይጠብቃል። ያን ዕለት ማታ አንሙት አዲሱን ቤቱን በአያ እንዳላማው አስመርቆ አደረበት።

ቡቃያዎቹ ሥር አወጡ። ከጠርሙስ ሲወጡ የሜዳ አየር ስላልለመዱ በላስቲክ ጥላ ሥር ቀስ በቀስ እየተገለጡ ሰነበቱና፣ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ሦስቱ ችግኞች አምበር ደረሱ። ከአዲሱ መንገድ ራቅ ብሎ፣ ቦታውን እትዬ ማንጠግቦሽ መርጠው፣ ጉድጓዱን አንሙት ቆፍሮ፣ አያ እንዳላማው በእጃቸው ተከሏቸው። ጉልበት የማይደርሱ ናቸው፤ ቀጥ ማለታቸውን ግን ከሩቅ ያየ ይመሰክራል። አያ እንዳላማው አፈሩን ሲጠቀጥቁም፣ ውኃ ሲያጠጡም፣ አፋቸው በጋቢው እንደተሸፈነ ነው።

«አሁንማ ሜዳ ላይ ናቸው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ሕሊና ራሷ ምንም አይሆኑም ብላሃለች። መርቅና እንግባ፤ ዝናቡ መጣ።»

አያ እንዳላማው ጋቢውን ከአፋቸው ሳያነሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተይኝ፤ መጀመሪያ ይልመዱኝ።»